ቅድመ ስኳር ላይ ናችሁ ከተባላችሁ ከምን ትጀምራላችሁ?

«ስኳርሽ ከፍ ብሏል፣ ስኳር በሽታ ግን አይደለም። አመጋገብሽን አስተካክዪ፣ እንቅስቃሴ አድርጊ።» ብዙ ሰው ከሐኪም ዘንድ ይዞት የሚወጣው ይህችን ብቻ ነው። ምኑን እንደሚያስተካክል፣ በምን ያህል፣ ከየቱ እንደሚጀምር የሚነግረው የለም። ቤቱ ገብቶ ስልኩን ሲከፍት ደግሞ አንዱ ፍራፍሬ አትንካ ይለዋል፣ ሌላው ቀኑን ሙሉ አትብላ ይለዋል። ጭራሽ ግራ ይጋባል።

ከሁሉ በፊት አንድ ምክር አለኝ፦ ሁሉንም ነገር በአንድ ቀን ለመቀየር አትነሱ። ሰው ሲደነግጥ ዳቦውንም ሩዙንም ጣፋጩንም በአንዴ ይተዋል፣ ማለዳ እየተነሳ ይሮጣል፣ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ይታክተውና ሁሉንም ጥሎ ወደ ድሮው ይመለሳል። ይሄ ጉዳይ የዓመታት ስለሆነ ለዓመታት ልታደርጉት የምትችሉት ነገር ነው የሚጠቅማችሁ። እኔ የምመክረው ተራ በተራ መሄድ ነው። መጀመሪያ የምትጠጡት፣ ቀጥሎ ከምግብ በኋላ የምታደርጉት፣ ከዚያ ሳህናችሁ፣ ከዚያ ጡንቻችሁ። ቀላል ሆኖ ብዙ ለውጥ የሚያመጣውን አስቀድሜያለሁ።

ቁጥራችሁን እወቁ

«ትንሽ ከፍ ብሏል» የሚባል ውጤት የለም። የላብራቶሪ ወረቀቱን ጠይቃችሁ ውሰዱ፣ ቁጥሩን አንብቡ፣ አስቀምጡት። ቢያንስ ለ8 ሰዓት ምንም ሳይበላ፣ በባዶ ሆድ የተለካ የደም ስኳር ከ100 እስከ 125 ሚሊግራም በዴሲሊትር ከሆነ፣ በአሜሪካ የስኳር በሽታ ማኅበር መስፈርት ቅድመ ስኳር ነው። በሚሊሞል ከተጻፈላችሁ ከ5.6 እስከ 6.9 ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ግን መነሻውን 110 ላይ ነው ያደረገው። ስለዚህ አንዱ ሐኪም «ደህና ነህ» ያለውን 104 ሌላው «ተጠንቀቅ» ቢለው አይግረማችሁ፣ የሚከተሉት መስፈርት ተለያይቶ ነው። 126 እና ከዚያ በላይ ሆኖ በድጋሚ ምርመራ ከተረጋገጠ ስኳር በሽታ ይባላል።

ሁለተኛው ምርመራ ኤችቢኤዋንሲ (HbA1c) የሚባለው ነው። ደም ውስጥ ያለ ስኳር ቀይ የደም ሴሎች ላይ ይጣበቃል፣ ሴሎቹ ደግሞ 120 ቀን ገደማ ይኖራሉ፣ ስለዚህ ይህ ምርመራ ያለፉትን ሁለት ሦስት ወራት አማካይ ያሳያል። ከ5.7 እስከ 6.4 በመቶ ቅድመ ስኳር ነው፣ ከ6.5 ጀምሮ ስኳር በሽታ። አንድ መጠንቀቅ ያለባችሁ ነገር አለ፦ የደም ማነስ ያለበት፣ በቅርቡ ብዙ ደም የፈሰሰው ወይም ደም የተሰጠው ሰው ላይ ይህ ቁጥር ሊያሳስት ይችላል። እንዲህ ዓይነት ነገር ካለባችሁ ለሐኪማችሁ ሳትነግሩ አትለፉ። ሦስተኛው ምርመራ 75 ግራም ግሉኮስ ጠጥታችሁ ከሁለት ሰዓት በኋላ የሚለካው ነው፣ እሱ ላይ ከ140 እስከ 199 ያለው ቅድመ ስኳር ነው።

ሰውነታችሁ ውስጥ የሚሆነው

የምንበላው ዳቦ፣ ሩዝ፣ ድንችና ጣፋጭ ተፈጭቶ ግሉኮስ ይሆንና ደም ውስጥ ይገባል። ይሄኔ ቆሽት ኢንሱሊን ያመነጫል፣ ኢንሱሊኑም ስኳሩ ከደም ወጥቶ ጡንቻና ጉበት ውስጥ እንዲገባ ያደርጋል። ቅድመ ስኳር ያለበት ሰው ጡንቻውና ጉበቱ ለኢንሱሊን እንደ ድሮው አይታዘዙም። በተለይ ሆድ አካባቢና ጉበት ላይ ስብ ሲጠራቀም፣ ቀኑ ሙሉ በመቀመጥ ሲያልፍ ይብስበታል። ቆሽት ይህን ለማካካስ ኢንሱሊን አብዝቶ ያመርታል፣ እስከቻለው ድረስ ስኳሩን ይዞ ያቆያል፣ መቋቋም ሲያቅተው ነው ቁጥሩ ወረቀት ላይ መታየት የሚጀምረው። እናንተ አሁን ያላችሁት እዚህ ላይ ነው። ቆሽታችሁ ገና እየሠራ ነው፣ ሥራ ግን በዝቶበታል።

ስለዚህ የምናደርገው ነገር ሁሉ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ በአንድ ጊዜ ደም ውስጥ የሚገባውን ስኳር እንቀንሳለን፣ ወይ ጡንቻና ጉበት ስኳሩን መልሰው እንዲቀበሉ እናደርጋለን።

ይህ ይሠራል ወይ ለሚል ሰው ጥሩ ማስረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱ የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት በ27 ማዕከላት 3,234 ሰዎችን ተከታትሏል፣ ሁሉም ወደ ስኳር በሽታ እየተጠጉ ያሉ ናቸው። አንደኛው ቡድን ከክብደቱ 7 በመቶ እንዲቀንስና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀስ እየታገዘ ሞከረ። ሌላው ሜትፎርሚን የሚባለውን ኪኒን ወሰደ። ሦስተኛው ምንም መድኃኒት የሌለበት ኪኒን ወሰደ። ሦስት ዓመት ገደማ ሲሆን ከሦስተኛው ቡድን ጋር ሲነጻጸር በመጀመሪያው ቡድን ስኳር በሽታ የመያዝ ዕድል በ58 በመቶ ቀነሰ፣ በኪኒኑ በ31 በመቶ። ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ የሆኑትማ በአኗኗር ለውጡ 71 በመቶ ነው የቀነሰላቸው፣ «እኔ አርጅቻለሁ፣ አሁን ምን ይጠቅመኛል» ለሚሉ ወላጆቻችሁ ይህን ንገሯቸው። በቻይና ዳቺንግ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1986 የተጀመረው ጥናት ደግሞ ለስድስት ዓመት አኗኗራቸውን ያስተካከሉ ሰዎችን ከ30 ዓመት በኋላ መልሶ አይቷቸዋል። ስኳር በሽታው ወደ አራት ዓመት ዘግይቶላቸዋል፣ የልብና የአንጎል ደም ሥር ችግርም ቀንሶላቸዋል።

ሁሉንም በትክክል አድርጎም ስኳር በሽታ የሚይዘው ሰው እንዳለ ግን መታወቅ አለበት። የዘር ጉዳይ አለበት። እንዲህ ያለውን ሰው «አንተ ነህ ያመጣኸው» ማለት ጭካኔ ነው። ለእሱም ቢሆን የዘገየለት እያንዳንዱ ዓመት ለዓይኑ፣ ለኩላሊቱና ለነርቩ ትርፍ ነው።

መጀመሪያ የሚጠጣው

አንድ ነገር ብቻ ነው የምለውጠው የሚል ሰው ካለ ይሄን ይለውጥ። በፈሳሽ የሚገባ ስኳር አያጠግብም፣ የሚያዘገየው አሰር (ፋይበር) የለውም፣ በደቂቃዎች ውስጥ ደም ውስጥ ነው። 330 ሚሊ ሊትር የሚይዝ አንድ ጣሳ ኮላ ውስጥ 35 ግራም ገደማ ስኳር አለ። የሻይ ማንኪያ 4 ግራም ይይዛል ብትሉ ወደ 9 ማንኪያ መሆኑ ነው። ማንም ሰው ውኃ ውስጥ 9 ማንኪያ ስኳር አማስሎ አይጠጣም፣ ለስላሳ ሲሆን ግን ሳናስበው እንጠጣዋለን።

ሰው የሚሳሳተው ጁስ ላይ ነው። «ተፈጥሯዊ ነው፣ እቤት የጨመቅኩት ነው» ይላል። ሲጨመቅ አሰሩ ይቀራል፣ አንድ ብርጭቆ ለመሙላት ደግሞ ሦስት አራት ብርቱካን ያልቃል፣ ተቀምጣችሁ ብትበሉት ግን ሁለት ብርቱካን ይበቃችኋል። ፍሬውን ብሉት፣ ጁሱን ተዉት። ማርም፣ ቡናማ ስኳርም፣ የታሸገ ጣፋጭ እርጎም እዚሁ ሂሳብ ውስጥ ይገባሉ።

ሻይና ቡና ላይ የምትጨምሩት ስኳር ተደምሮ ስንት እንደሚሆን አንድ ቀን ቁጭ ብላችሁ ቁጠሩት። በቀን አምስት ስኒ በሁለት ሁለት ማንኪያ የሚጠጣ ሰው 40 ግራም እየወሰደ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንዲህ ያለው ተጨማሪ ስኳር ከቀን ኃይላችን ከ10 በመቶ በታች፣ ቢቻል ከ5 በመቶ በታች እንዲሆን ይመክራል፣ 5 በመቶው ለአንድ አዋቂ 25 ግራም አካባቢ ነው። በአንዴ ማቆም ካቃታችሁ ሁለቱን ማንኪያ አንድ ተኩል አድርጉት፣ ሳምንት ቆይታችሁ አንድ፣ ከዚያ ግማሽ። ምላስ ይለምዳል፣ እውነቴን ነው፣ ትንሽ ቆይቶ የድሮው ጣዕም ራሱ ይከብዳችኋል። ስኳር የሌለባቸው ጣፋጭ ለስላሳዎች መሸጋገሪያ ሊሆኑ ይችላሉ፣ መድረሻው ግን ውኃ ቢሆን እመርጣለሁ።

ከምግብ በኋላ አትቀመጡ

ከበላችሁ በኋላ ስኳራችሁ ጣሪያ የሚነካው አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ነው። ልክ በዚያ ሰዓት ነው ሰው ሶፋ ላይ የሚዘረጋው። የሚሠራ ጡንቻ ግን የሚገርም ችሎታ አለው፦ እየተኮማተረ ሳለ ያለ ኢንሱሊን እገዛም ከደም ውስጥ ስኳር ይስባል። ለኢንሱሊን የማይታዘዝ ሰውነት እንኳ በዚህ በኩል መንገዱ ክፍት ነው። ለዚህ ነው ከምግብ በኋላ 10 ወይም 15 ደቂቃ መራመድን ከማንኛውም የጂም ፕሮግራም የማስቀድመው።

ቀኑን ሙሉ ሦስቴ ማድረግ ካልቻላችሁ ብዙ የምትበሉበትን ሰዓት ምረጡ፣ ለብዙ ሰው እራት ነው። መሮጥ የለበትም። ዝናብ ከሆነ፣ ከመሸ፣ ሰፈሩ ለመውጣት የማይመች ከሆነ እቤት ውስጥ ወዲያ ወዲህ ማለት፣ ደረጃ መውጣት መውረድ፣ ዕቃ ማጠብና ቤት ማስተካከል ይቆጠራል። ቢሮ ቁጭ ብላችሁ የምትውሉ ከሆነ በየ30 ደቂቃው ተነሱ፣ ስልክ ሲመጣ ቆማችሁ አውሩ፣ ሁለት ሦስት ደቂቃ እግራችሁን አፍታቱ።

ይህ ሲለመድ የሳምንቱን ድምር ወደ 150 ደቂቃ አሳድጉት፣ ለምሳሌ በሳምንት አምስት ቀን ሠላሳ ሠላሳ ደቂቃ። ፍጥነቱን ለመለካት መሣሪያ አያስፈልግም። እየተራመዳችሁ ማውራት ከቻላችሁ፣ መዝፈን ግን ከከበዳችሁ፣ ልክ ነው። እንቅስቃሴ ሰውነትን ለኢንሱሊን ታዛዥ የሚያደርገው ለአንድ ሁለት ቀን ያህል ነው፣ ከዚያ ይጠፋል። ስለዚህ ቅዳሜ ብቻ ሁለት ሰዓት ኳስ ተጫውቶ ሳምንቱን ሙሉ ከመቀመጥ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይሻላል፣ ሁለት ተከታታይ ቀን ባዶውን አይለፍ።

ሳህኑ

ግራም የመቁጠር፣ ካሎሪ የመመዝገብ ትዕግሥት ያለው ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ በዓይን ክፈሉት። የሳህናችሁን ግማሽ ስታርች የሌለበት አትክልት ይያዘው፦ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ቲማቲም፣ ጥቅል ጎመን፣ ፎሶሊያ፣ የተገኘው ሁሉ። አንድ አራተኛው ፕሮቲን ይሁን፣ እንቁላል፣ ዓሣ፣ ዶሮ፣ ምስር፣ ባቄላ። የቀረው አንድ አራተኛ ለዳቦ፣ ለሩዝ፣ ለፓስታ ወይም ለድንች ነው። አያችሁ፣ ማንም ሩዝ ተከልክሏል አላለም። ችግሩ የሳህኑን ሦስት አራተኛ ሩዝ ሞልቶት አትክልቱ ለማስዋቢያ ሲቀመጥ ነው። ሳህኑም ትልቅ አይሁን፣ 23 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ይበቃል።

አበላል ላይም የምትጠቀሙበት አንድ ብልሃት አለ። አትክልቱንና ፕሮቲኑን አስቀድማችሁ፣ ዳቦውን ወይም ሩዙን መጨረሻ ላይ ብትበሉ ያው ምግብ፣ በያው መጠን፣ ስኳራችሁን ያን ያህል አያስፈነጥረውም። አሰሩና ፕሮቲኑ ከሆድ ወደ አንጀት የሚያልፈውን ፍጥነት ያዘገዩታል። ምንም ወጪ የለውም፣ ምንም አልቀነሳችሁም።

እህል ስትመርጡ ያልተፈተገውን አስቀድሙ። ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላና አተርን ደግሞ ከልቤ ነው የምመክራቸው። ካርቦሃይድሬት አላቸው፣ ግን ከብዙ አሰርና ፕሮቲን ጋር ስለሚመጡ ቀስ ብለው ነው ስኳር የሚሆኑት፣ ሆድም ይይዛሉ። በቀን 25 እስከ 30 ግራም አሰር ላይ ለመድረስ ያለ ጥራጥሬ በጣም ከባድ ነው። ለምዳችሁት ካልሆነ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ፣ ሆድ ይነፋል፣ ውኃም ጠጡ።

ፍራፍሬ አትፍሩ። አንድ ብርቱካን፣ አንድ ፖም፣ ትንሽ ሙዝ በአንድ ጊዜ አንድ ፍሬ ሆኖ ከምግብ ጋር ወይም ከኦቾሎኒ ጋር ቢበላ ለአብዛኛው ሰው ችግር የለውም። የደረቀ ፍራፍሬ ላይ ግን እጃችሁን ሰብስቡ፣ ውኃው ስለወጣለት በአንድ ጭብጥ ውስጥ ብዙ ስኳር ይገባል።

የታሸገ ነገር ስትገዙ ፊት ለፊት የተጻፈውን ትታችሁ ጀርባውን አንብቡ። «ስብ የለውም» የተባለ ምግብ ጣዕሙን ለማካካስ ስኳር ሊጨመርበት ይችላል። ሱክሮስ፣ ዴክስትሮስ፣ የበቆሎ ሽሮፕ፣ ማልቶዴክስትሪን ከተባለ ደም ውስጥ ሲገባ ያው ስኳር ነው። ቅድመ ስኳር ከልብ በሽታ ጋር ጎረቤት ስለሆነ ዘይትና ስቡም ይታሰብበት፦ የተጠበሰና ቅባት የበዛበት ይቀነስ፣ የአትክልት ዘይት በልክ፣ ኦቾሎኒና ለውዝ በእፍኝ።

ጡንቻ

ይህን ብዙ ሰው፣ በተለይ ሴቶችና በዕድሜ የገፉ ሰዎች፣ ይዘለዋል፣ ያሳዝነኛል። ከምግብ በኋላ ከሚመጣው ስኳር ትልቁን ድርሻ የሚያስቀምጠው ጡንቻ ነው። ዕድሜ ሲጨምር ካልሠራንበት ይሟሽሻል፣ ስኳሩም የሚሄድበት ያጣል። በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን፣ ቀን እያሳለፋችሁ ሥሩ። ጂም ግዴታ አይደለም። ወንበር ላይ ቁጭ ብድግ ማለት፣ ግድግዳ ተደግፎ ፑሽ አፕ፣ ውኃ የሞላ ፕላስቲክ ጠርሙስ ማንሳት ይበቃል። እያንዳንዱን ከ8 እስከ 12 ጊዜ፣ ትንሽ አርፎ ደግሞ መድገም። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ከበድ ካላሏችሁ ክብደቱ አንሷል ማለት ነው።

የልብ ችግር፣ ያልተቆጣጠራችሁት የደም ግፊት ወይም የመገጣጠሚያ ሕመም ካለ ከመጀመራችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ። ስትንቀሳቀሱ ደረታችሁን ከጨመቃችሁ ወይም ከመጠን ያለፈ ትንፋሽ ካጠራችሁ ወዲያው አቁሙና ታዩ።

ክብደት፣ እንቅልፍ፣ ሲጋራ

ክብደት የጨመረ ሰው ግቡን በቁንጅና አይለካው። ከላይ የጠቀስኩት ጥናት የጠየቀው 7 በመቶ ነው፦ 80 ኪሎ የሚመዝን ሰው 5.6 ኪሎ ማለት ነው። ይህን ስድስት ወር ሰጥቶ ቀስ ብሎ መቀነስ በወር 10 ኪሎ ጥሎ መልሶ ከማምጣት ይበልጣል። ቀጭን ሆኖ ቅድመ ስኳር ያለበትም ሰው አለ፣ እሱ መክሳት አያስፈልገውም፣ መጠጡ፣ ሳህኑና ጡንቻው ላይ ይበርታ።

እንቅልፍ ሲያንስ ሰውነት ለኢንሱሊን የባሰ እምቢተኛ ይሆናል፣ በማግሥቱም ጣፋጭ ያሰኛል። በየሌሊቱ ለሰባት ሰዓት ያህል ለመተኛት ሞክሩ። በኃይል የሚያንኮራፋና ቀን ቀን የሚያንቀላፋ ሰው በእንቅልፍ ውስጥ ትንፋሽ የሚቆራረጥበት ችግር ሊኖርበት ስለሚችል ይመርመር። ሲጋራ በስኳር በሽታ የመያዝ ዕድልን ይጨምራል፣ የምታጨሱ ከሆነ ለማቆም እገዛ ጠይቁ።

መድኃኒትና «ስኳር ያጠፋል» የሚባሉ ነገሮች

ሐኪማችሁ ሜትፎርሚን ቢያዝ ሽንፈት አድርጋችሁ አትዩት። በተለይ ዕድሜያቸው ከ60 በታች ሆኖ ክብደታቸው በጣም ከፍ ያለ፣ ወይም በእርግዝና ጊዜ ስኳር ይዟቸው ለነበሩ ሴቶች ይጠቅማል። የምትወስዱትን ሌላ መድኃኒትም ንገሩት፣ ፕሬድኒሶሎንን የመሰሉ ስቴሮይዶች በራሳቸው ስኳር ከፍ ያደርጋሉ፣ ግን ሳታማክሩ በድንገት አታቋርጡ።

ቀረፋ፣ ዱቄት፣ ጠብታ፣ «በ21 ቀን ደህና ሁኑ» የሚል ማስታወቂያ ብዙ ነው። ቀረፋ ምግብ ላይ ብትነሰንሱ ጉዳት የለውም፣ ከላይ የዘረዘርኩትን ግን አይተካም። ምን እንዳለበት ያልተጻፈበት ነገር ግን አትዋጡ፣ ጉበትና ኩላሊት መልሶ የሚገዛ ነገር አይደለም።

ክትትል

ለውጡን ከጀመራችሁ ሦስት ወር ሳይሞላ ኤችቢኤዋንሲ ማሠራት ብዙም አይጠቅም፣ የድሮው ደም ገና አልተተካም። ሦስት ወይም ስድስት ወር ሲሞላ አሠሩ፣ ከዚያ በኋላ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ። ደም ግፊትና ኮሌስትሮልም አብረው ይለኩ። የቤት መለኪያ መግዛት ግዴታ አይደለም። ካላችሁ ግን የትኛው ምግብ እናንተን እንደሚያስቸግር ለማየት ይጠቅማል፦ ከመብላታችሁ በፊት ለኩ፣ በላችሁ ከሁለት ሰዓት በኋላ ድገሙ። መሣሪያው ከላብራቶሪው ትንሽ ፈቀቅ ሊል ስለሚችል በአንድ ቁጥር አትደንግጡ። ጠዋት በባዶ ሆድ ከማታው ከፍ ብሎ ቢገኝም ሌሊት የበላችሁት ነገር ስላለ አይደለም፣ ንጋት ላይ ጉበት ራሱ ስኳር ይለቃል።

የኤችቢኤዋንሲ ውጤቱ ወደ 5.5 ወርዶ «ድኛለሁ» ብሎ ወደ ለስላሳው መመለስ በጣም የተለመደ ነው። ቁጥሩ የወረደው እያደረጋችሁት ባላችሁት ነገር ነው፣ ዓመታዊ ምርመራውም አይቅር። ውኃ ጥም አልቆርጥ ካላችሁ፣ ሌሊት እየደጋገማችሁ ለሽንት ከተነሳችሁ፣ ሳትፈልጉ ከከሳችሁ ወይም ዓይናችሁ ከደበዘዘ ግን የቀጠሮውን ቀን አትጠብቁ፣ በዚያው ሳምንት ሄዳችሁ ተለኩ። ከዚህ ጋር የሚያስመልስ ወይም የሚያደክም ነገር ከመጣ በዚያው ቀን ሂዱ።